ማስታገሻ መገጣጠሚያን አያድንም፦ ሩማቶይድ አርትራይተስን አውቆ መኖር

በቴሌግራምና በቲክቶክ ከሚተዋወቁት «መድኃኒቶች» መካከል የሪህና የቁርጥማት የሚባሉት ብዙ ናቸው። አንዱ ጠርሙስ ለጉልበት፣ ለወገብ፣ ለጣት እብጠትና ለነርቭ ሁሉ ይሆናል ይባላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባው መድኃኒት ዋጋው ወጥቷል። በየወሩ መድኃኒት የሚገዛ ሰው ወደ ርካሹና ቶሎ ወደሚያስታግሰው ቢያዘነብል የሚያስወቅሰው አይደለም። ክፉኛ የሚጎዱት ግን ሩማቶይድ አርትራይተስ ያለባቸው ናቸው። ይህ በሽታ ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜም መገጣጠሚያን ማፍረሱን ሊቀጥል ይችላል።

ዛሬ በሽታው ሊገታ የሚችል ነው። የሚገታበት ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴትም አሮጌ፣ በአንጻሩ ርካሽና በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው። ጣት የሚያጣምመውና ሰውን ከሥራ የሚያስቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው መዘግየቱ ነው፤ የሚዘገየውም ሕመሙን ማስታገስ በሽታውን እንደ ማከም ስለሚቆጠር ነው።

በመገጣጠሚያው ውስጥ የሚሆነው

መገጣጠሚያን ከውስጥ የሚሸፍን ሲኖቪየም የሚባል ስስ ሽፋን አለ። ሥራው አጥንቶች ሳይፋተጉ እንዲንቀሳቀሱ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። በሩማቶይድ አርትራይተስ የሰውነት መከላከያ ይህን ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ሽፋኑ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ከዚያም እያደገ ሄዶ ልስልሱን አጥንትና ዋናውን አጥንት ይበላል። አንዴ የተበላ አጥንት ተመልሶ አይሞላም። ሐኪሞች ስለ መጀመሪያዎቹ ወራት አጥብቀው የሚናገሩት ለዚህ ነው፤ የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበራት ጥምረት (ዩላር) መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው በ6 ሳምንት ውስጥ ልዩ ሐኪም እንዲያየው፣ በሽታውን የሚገታው መድኃኒትም በ3 ወር ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል።

በሽታው ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። በማንኛውም ዕድሜ ሊነሣ ቢችልም በሥራና በልጅ ማሳደጊያ ዕድሜ መጀመሩ የተለመደ ነው። የዘር ተጋላጭነትና ማጨስ ድርሻ አላቸው። ብርድ፣ እርጥበትና ንፋስ ሕመሙን ሊያባብሱ ይችሉ ይሆናል እንጂ በሽታውን አያመጡትም። ጉዳቱም በመገጣጠሚያ አይወሰንም። ለዓመታት ያልተገታ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) የደም ማነስ፣ የሳንባ ጠባሳና የዓይን ድርቀት ያመጣል፤ የልብና የደም ሥር በሽታን ዕድልም ከሌላው ሰው በግማሽ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ የደም ግፊትና የኮሌስትሮል ክትትል ከዚህ ሕክምና የሚነጠል አይደለም።

ምርመራው የሚሳሳትበት ቦታ

ሰው ሁሉ «ሪህ ነው» ብሎ የሚያልፈው ሕመም ቢያንስ አራት የተለያዩ በሽታዎችን ያቀፈ ነው። አንደኛው ጋውት ሲሆን፣ የዩሪክ አሲድ ክምችት ብዙ ጊዜ የእግር አውራ ጣትን በድንገት ሌሊት የሚያቀጣጥልበት ነው። ሁለተኛው ኦስቲዮአርትራይተስ፣ ማለትም በዕድሜና በጫና የሚመጣ የመገጣጠሚያ መበላት ነው። ሦስተኛው የሩማቲክ ትኩሳት፣ የልጆች በሽታ ሆኖ ልብን የሚጎዳው ነው። አራተኛው ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። በእኛ አገር ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ላይ ደግሞ ብሩሴሎሲስ ተመሳሳይ የመገጣጠሚያ ሕመም ስለሚያመጣ መዘንጋት የለበትም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከላብራቶሪ ወረቀት ነው። ኤኤስኦ የሚባለው ምርመራ የሚናገረው ሰውየው ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ከዚህ ቀደም መያዙን ብቻ ነው። ፖዘቲቭ ሆነ ተብሎ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ የሚወጉ አዋቂዎች አሉ። ይህ መርፌ የሩማቲክ የልብ ሕመም ላለበት ልጅ ሕይወት አድን ነው፤ ለሩማቶይድ አርትራይተስ ግን አንዳች አይሠራም፣ ወራትን ብቻ ይበላል። ዩሪክ አሲድም እንዲሁ ነው፤ ጋውት በሌለበት ሰው ላይ ከፍ ብሎ መገኘቱ ብቻውን መድኃኒት አያስጀምርም።

ትክክለኛዎቹ ምርመራዎችም ቢሆኑ ያለ ሐኪም ዓይን ያሳስታሉ። ሩማቶይድ ፋክተር በሳንባ ነቀርሳ፣ በሄፓታይተስና በጤነኛ አዛውንቶች ላይ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ከሕሙማኑ ከ20 እስከ 30 ከመቶ ያህሉ በሽታው እያለባቸው ኔጌቲቭ ይወጣሉ። አንቲ ሲሲፒ የሚባለው ይበልጥ አስተማማኝ ነው፤ ፖዘቲቭ ከሆነ በሽታው የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው፣ የመክፋቱም ዕድል እንዲሁ። ኢኤስአርና ሲአርፒ ደግሞ የብግነቱን መጠን ያሳያሉ እንጂ የበሽታውን ስም አይነግሩም።

ከወረቀቱ በፊት እጅን ማየት ይሻላል። የጣቶች ሥር አንጓና የመሐል አንጓ በሁለቱም እጆች ያብጣሉ፤ ከጥፍር አጠገብ ያለው አንጓ ብዙ ጊዜ አይነካም። አራቱን የጣት ሥር አንጓዎች ከጎንና ከጎን ይዘው ጨበጥ ሲያደርጓቸው ሕመሙ ያስጮኻል። ጠዋት እጅ አልጨበጥ ይላል፤ ቁልፍ መቆለፍ እንኳ ያቅታል፣ ይህም ከግማሽ ሰዓት በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከአንድ ሰዓት በላይ ይቆያል። በኦስቲዮአርትራይተስ ይህ ግትርነት ከግማሽ ሰዓት በታች ይለቃል፤ ሕመሙ የሚብሰውም በሥራ መጨረሻ ነው። ይህን ልዩነት ለሐኪሙ በደቂቃ ለክቶ መናገር ከአንድ የደም ምርመራ ያላነሰ ይጠቅማል።

የዚህ በሽታ ልዩ ሐኪሞች (ሩማቶሎጂስቶች) በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አብዛኞቹም አዲስ አበባ ናቸው። ስለዚህ አንድ ክርክር አለ። አንዳንዶች ሜቶትሬክሴትን ከሩማቶሎጂስት በቀር ማንም መጀመር የለበትም ይላሉ፤ መድኃኒቱ ክትትል ይሻልና። ሌሎች ደግሞ የውስጥ ደዌ ሐኪም ባለበት የክልል ሆስፒታል ሕክምናው ተጀምሮ ሪፈሩ ጎን ለጎን ይሂድ ይላሉ። ሁለተኛው ሐሳብ ሚዛን ይደፋል። ለቀጠሮ ስድስት ወር መጠበቅ የሚያመጣው ጉዳት የማይመለስ ነው፤ የደም፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ግን በብዙ ሆስፒታሎች ይሠራል።

ሜቶትሬክሴት፦ በሳምንት አንድ ቀን

ሜቶትሬክሴት በአሜሪካ ለዚህ በሽታ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ አዳዲስ መድኃኒቶች ቢመጡም የመጀመሪያ ምርጫነቱን የወሰደበት የለም። ለካንሰር በጣም ከፍ ባለ መጠን ስለሚሰጥ ፋርማሲ ላይ «የካንሰር መድኃኒት» ሲባል ሰምቶ ደንግጦ የሚተወው አለ። ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው መጠን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ የሚሰጠውም የመከላከያውን ስሕተት ለማብረድ ነው።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ክኒኑ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 2.5 ሚሊግራም ነው። ብዙ ሐኪሞች በሳምንት ከ7.5 እስከ 15 ሚሊግራም ይጀምራሉ፤ 10 ሚሊግራም ማለት አራት ክኒን በአንድ ቀን ማለት ነው። የደም ምርመራው እየታየ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ልዩነት እየተጨመረ በሳምንት 20 ወይም 25 ሚሊግራም ድረስ ይደርሳል። በ7.5 ላይ ለዓመት ቆመው «አልሠራልኝም» የሚሉ ሕሙማን መድኃኒቱን ገና በወጉ አልሞከሩትም። ውጤቱ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና በሦስተኛው ሳምንት ማቋረጥ ድካሙን ብቻ ተቀብሎ ጥቅሙን መተው ነው።

ትልቁ አደጋ በየቀኑ መውሰድ ነው። ሰው መድኃኒት በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ መዋጥ ለምዷል፤ ሳጥኑ ላይም የሚጻፈው መመሪያ አንዳንዴ ያምታታል። ሜቶትሬክሴት በየቀኑ ሲወሰድ መቅኔ ደም ማምረቱን ያቆማል፣ አፍ ይላጣል፣ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ቀኑ በስሙ ይጻፍ፦ «ረቡዕ ብቻ»። ተጨማሪ ችግር የሚፈጥረው አብሮት የሚታዘዘው ፎሊክ አሲድ ነው። ሁለቱም ትንንሽ ቢጫ ክኒኖች ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። በተለያየ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ከተቻለም በቤት ውስጥ ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው እንዲያውቅ ማድረግ ያስፈልጋል። ፎሊክ አሲድ በሳምንት 5 ሚሊግራም በሌላ ቀን፣ ወይም በየቀኑ 1 ሚሊግራም ይወሰዳል፤ የአፍ ቁስልንና ማቅለሽለሽን ይቀንሳል። ለነፍሰ ጡሮች የሚታደለው ከብረት ጋር የተቀላቀለው ክኒን 0.4 ሚሊግራም ብቻ ስለያዘ አይተካውም።

ማቅለሽለሽ ካስቸገረ ከእራት በኋላ መውሰድ ይረዳል። ሐኪሙ ከፈቀደ ደግሞ የዚያን ቀን መጠን ግማሹን ጠዋት ግማሹን ማታ ማድረግ ይቻላል። ቀኑ ከተረሳ በሁለት ቀን ውስጥ መውሰድ ይቻላል፤ ካለፈ የዚያ ሳምንት ይቀራል፣ በሚቀጥለው እጥፍ አይደረግም። ተቅማጥና ትውከት ሰውነትን ባደረቀበት ሳምንት ወይም አንቲባዮቲክ የሚያስወስድ ኢንፌክሽን ሲኖር ሐኪም እስኪጠየቅ ይዘለላል። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ከሰውነት አይወጣምና።

ከመጀመሩ በፊት የደም ሴሎች ቆጠራ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ የሄፓታይተስ ቢና ሲ ምርመራ፣ የደረት ራጅ፣ ለሴቶች የእርግዝና ምርመራ ይሠራል። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን ብዙ ስለሆነ ይህን መዝለል አይገባም። ከዚያ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ፣ በኋላ በየ2 ወይም 3 ወሩ ደም ይታያል። አረቄም ሆነ ቢራ ጉበት ላይ ስለሚደራረብ የሚጠጣ ሰው ለሐኪሙ በግልጽ መናገር አለበት።

ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙ ሰው ባክትሪም ብሎ የሚያውቀው፣ ከሜቶትሬክሴት ጋር አይወሰድም። ሁለቱ ተደራርበው መቅኔን ያደክማሉ። ለተቅማጥ ወይም ለሽንት ማቃጠል ያለ ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛ መድኃኒት ስለሆነ ጉዳቱ የሚመጣው ባልታሰበ በኩል ነው። የአፍ ቁስል፣ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም፣ ያለ ምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ አዲስ ደረቅ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ከታየ መድኃኒቱ ይቁም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ከገበያ ሲጠፋስ? ይህ በእኛ አገር እውነተኛ ጥያቄ ነው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን የታቀፈ ሰው እንኳ የሆስፒታሉ ፋርማሲ ባዶ ሲሆን ከግል መግዛት ይገደዳል። ቢያንስ የሁለት ወር ቀድሞ መያዝ ይጠቅማል። ከጠፋም ሐኪሙ ለጊዜው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ወይም ሰልፋሳላዚን ሊያዝ ይችላል፤ ክፍተቱን ራስን በስቴሮይድ እያከሙ መሙላት ግን ወደ ሌላ ጣጣ ይከታል።

ስቴሮይድና «የሚያስታግሰው መርፌ»

እ.ኤ.አ. በ1948 ፊሊፕ ሄንች የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም በሜዮ ክሊኒክ ከአልጋ መነሣት ላቃታት ሴት ኮርቲዞን ሰጣት፤ በቀናት ውስጥ ቆማ ሄደች። ሄንች በ1950 ከሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ ግን መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የሚያስከትለው ጉዳት ተገለጠ። ስቴሮይድ የሚባሉት ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን የዚያው የኮርቲዞን ቤተሰብ ናቸው፤ ተአምሩም ጉዳቱም ዛሬም አብሯቸው አለ።

በእኛ ዘንድ ጉዳቱን የሚሸፍን አንድ ነገር አለ። በስቴሮይድ የተሞላ ፊት «ተስማማት፣ ወዛች» ይባላል። ከስር ግን ስኳር ይጨምራል፣ ግፊት ይወጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የዓይን ሞራ ይመጣል። ከሦስት ሳምንት በላይ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ከቆመ ደግሞ የሰውነት የራሱ ሆርሞን ስለተዳፈነ ከባድ ድካም፣ የግፊት መውደቅና ራስን መሳት ሊከተል ይችላል። መቀነስ በደረጃ ነው።

ባለሙያዎቹም በአንድ ቃል አይናገሩም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2021 መመሪያው ስቴሮይድ ባይጀመር ይመርጣል። ዩላር ሜቶትሬክሴት እስኪሠራ ለአጭር ጊዜ ድልድይ እንዲሆን ይፈቅዳል፤ በተቻለ ፍጥነት ይቁም ብሎ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ግሎሪያ የተባለ የአውሮፓ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሁለት ዓመት በቀን 5 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ሲወስዱ በሽታው እንደቀነሰና የመገጣጠሚያ መፍረስ እንደዘገየ አሳይቷል፤ በሌላ በኩል ትኩረት የተሰጣቸው ጉዳቶች፣ በተለይ ኢንፌክሽን፣ በ24 ከመቶ ጨምረዋል። ስለዚህ ትንሽ መጠን፣ የታወቀ ጊዜና ክትትል ካለ ቦታ አለው። በየሰፈሩ የሚወጋው የዴክሳሜታዞንና የዳይክሎፌናክ ድብልቅ ግን ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም።

ስም የሌለው ዱቄት ወይም ጠብታ በሁለት ቀን ውስጥ እብጠቱን ካጠፋው ስቴሮይድ አለበት ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች «ባህላዊ» ተብለው በተሸጡ የመገጣጠሚያ መድኃኒቶች ውስጥ ዴክሳሜታዞንና ዳይክሎፌናክ ተደብቀው ተገኝተዋል።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ዘመዶቻቸው ሕመምና እብጠት ይቀንሳሉ፤ አጥንትን ከመበላት አይጠብቁም። በአንድ ጊዜ ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ይወሰዳል፣ ከምግብ ጋር፣ ለአጭሩ ጊዜ። ጨጓራ የሚያመው ሰው ኦሜፕራዞል ያስፈልገዋል። የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካቸው።

ውዱ መድኃኒት የግድ ነው?

ውጭ ያለ ዘመድ «እዚህ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚወጋ አለ» ሲል እዚህ ያለው ሕመምተኛ የተተወ ይመስለዋል። ባዮሎጂክ የሚባሉት እነዚህ መርፌዎች በሕያው ሴል ውስጥ የሚመረቱ፣ የብግነቱን አንድ መልእክተኛ ብቻ መርጠው የሚያግዱ ፕሮቲኖች ናቸው። በእርግጥም ብዙ ሰው አንሥተዋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ከእነሱ አንዱን፣ አዳሊሙማብን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቷል።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ፣ በአሜሪካና በካናዳ የተደረገ ራካት የተባለ ጥናት፣ ሜቶትሬክሴት ብቻውን ያልበቃቸውን 353 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጨመረ፣ ለሌላው ወገን ኢታነርሴፕት የተባለውን ውድ ባዮሎጂክ። ሦስቱ ርካሽ መድኃኒቶች አንድ ላይ ከውዱ ያላነሰ ውጤት አሳዩ። ይህን የሚቃወሙ ሐኪሞች የሚያነሡት ነጥብም ተገቢ ነው፤ የክኒኑ ብዛት ያሰለቻል፣ ሰልፋሳላዚን ጨጓራ ያስቸግራል፣ ብዙ ሰው ያቋርጣል፣ በጣም የከፋ በሽታ ያለበት ሰውም መርፌው ያስፈልገዋል። ለኢትዮጵያ ሕመምተኛ ግን ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ሜቶትሬክሴት ብቻውን ካልበቃ መንገዱ አላለቀም። ሃይድሮክሲክሎሮኪን በቀን ከክብደት በኪሎ 5 ሚሊግራም አይበልጥም፤ ሲጀመር የዓይን ምርመራ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ያስፈልገዋል። ሰልፋሳላዚን ከ500 ሚሊግራም ተነሥቶ በየሳምንቱ እየተጨመረ በቀን 2 ግራም ይደርሳል፤ ሽንትን ብርቱካናማ ቢያደርግ አያስደነግጥም።

ባዮሎጂክ ለሚጀምሩ በአሜሪካ፣ በእስራኤልና በአውሮፓ ላሉ ወገኖች አንድ ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። እነ አዳሊሙማብ የሚያግዱት ቲኤንኤፍ የሚባለው መልእክተኛ በሰውነት ውስጥ የተኛ የሳንባ ነቀርሳን አስሮ ከሚይዙት አንዱ ነው። ነቀርሳ በብዛት ካለበት አገር የመጣ ሰው በልጅነቱ ተይዞ ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። የክንድ ቆዳ ምርመራው ቢሲጂ በተከተበ ሰው ላይ በስሕተት ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል በደም የሚሠራውን ኢግራ የተባለውን መጠየቅ ይሻላል። የተኛው ነቀርሳ ከተገኘ መከላከያው ተጀምሮ ቢያንስ አንድ ወር ካለፈ በኋላ ነው መርፌው የሚጀመረው። ወደ ኢትዮጵያ በሻንጣ ለእናት ወይም ለእህት የሚላከው መርፌም ያለዚህ ምርመራ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሳይጠበቅና ቀጣዩ ሳይረጋገጥ ከመጣ ጉዳቱ ያመዝናል።

ጾም፣ ሥጋና ወተት

ቀይ ሥጋ ሩማቶይድ አርትራይተስ አያመጣም፤ ይህ ከጋውት ጋር ተደባልቆ የመጣ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ከአጭር ጾም በኋላ ለአንድ ዓመት የአትክልት ምግብ የተመገቡ ሕሙማን ሕመማቸው እንደቀነሰ አሳይቷል። ትንሽ ጥናት ነው፤ ከመድኃኒት ጋር እንጂ በመድኃኒት ፋንታ የሚሆን አይደለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ተልባ ያለበት የጾም ገበታ ለልብም ለክብደትም መልካም ነው። የሚጎድለው ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ነው፤ ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም።

ችግሩ ያለው ከሰዓቱ ላይ ነው። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ዳይክሎፌናክን በባዶ ሆድ ከዋጠ ጨጓራው ይቆስላል። ሰልፋሳላዚንና ማስታገሻው ከጾም ፍቺው ጋር ይሁኑ፤ በረመዳንም ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር። ሜቶትሬክሴት ማታ ከተወሰደ ጾሙ አይነካውም። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ግን አንድ ቀንም መዝለል የለበትም። በሁለቱም ሃይማኖት ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ፤ የንስሐ አባትን ወይም ኢማሙን አስቀድሞ ማማከር ነው።

ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት መቅረት አለባቸው። መከላከያው በመድኃኒት የለዘበ ሰው ብሩሴላ፣ ሳልሞኔላ ወይም ነቀርሳ ከነዚህ ሲይዘው ይከፋበታል። ክትፎው የበሰለ ይሁን።

ወጥ ቤትና እጅ

እብጠት ያለበት አንጓ የሚጎዳው በጠባብ አጨባበጥ፣ በመጠምዘዝና በአንድ ጣት ጫና ነው። ስለዚህ ሸክሙን ከትንሽ አንጓ ወደ ትልቅ አንጓ ማሸጋገር ነው ዘዴው፤ ከጣት ወደ መዳፍ፣ ከመዳፍ ወደ ክንድ።

እንጀራ ጋገራ ላይ ሊጡ በጆግ ሲቀዳ ግማሽ ድረስ ብቻ ይሞላ፤ አንዱ እጅ እጀታውን ሲይዝ ሌላው መዳፍ ከታች ይደግፍ። ከባዱ አክምባሎ በቀላል የአሉሚኒየም ክዳን ቢተካ አንጓው ያርፋል። ምጣዱ ወለል ላይ ሳይሆን ከወገብ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። አርባ እንጀራ በአንድ ቀን ከመጋገር ሃያ ሃያውን በሁለት ቀን መጋገር ይሻላል። የማማሰያ እጀታ በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ተጠቅልሎ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲወፍር ጣት ጠበቅ ሳይል ይይዘዋል። ለዶሮ ወጥ የሚከተፈውን ሽንኩርት በማሽን መፍጨት፣ ወይም ቁሌቱን በብዛት ሠርቶ ከፋፍሎ ማስቀመጥ ይቻላል። ጀበና ሲቀዳ የሚጠማዘዘው የእጅ አንጓ ነው፤ ትንሽ ጀበና ይመረጥ፣ ሆዱንም በጨርቅ በሌላው እጅ መደገፍ ነው። ሙቀጫውን ለሌላ ሰው ወይም ለኤሌክትሪክ መፍጫ መተው ነው።

20 ሊትር የሞላ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በባለ 5 ሊትር ከፋፍሎ ከደረት ጋር ታቅፎ መውሰድ ይሻላል። ልብስ ሲጨመቅ በመጠምዘዝ ፋንታ በሁለት መዳፍ ተጭኖ ማጠንፈፍ። ዝቅተኛዋ በርጩማ ጉልበትንና ዳሌን ታስጨንቃለች፤ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ወንበር ይተካት። ለመቀመጫ አልባ መጸዳጃ አናጢ መሐሉን የከፈተው ጠንካራ የእንጨት ወንበር በትንሽ ወጪ ብዙ ስቃይ ያስቀራል።

ማረፍ ማለት መተኛት አይደለም። አንጓ ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል፣ ጡንቻም ይሟሽሻል። ጠዋት እጅን በለብታ ውኃ ለ10 ደቂቃ ነክሮ መጨበጥና መዘርጋት፣ አውራ ጣትን በየተራ ከሌሎቹ ጣቶች ጫፍ ጋር ማገናኘት፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይና ወደ ታች ማጠፍ፣ እያንዳንዱን አሥር ጊዜ። በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት መራመድም ልብንም ስሜትንም ይጠብቃል። ከእንቅስቃሴው በኋላ የተነሣ ሕመም ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ በማግስቱ መቀነስ ነው።

ፍል ውኃና ወጌሻ

ፍል ውኃ፣ ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ግትርነትን ያላላል፤ ሰውም ቀለል ብሎት ይመለሳል። አጥንት የሚበላውን ብግነት ግን አይነካም። ቀይና ትኩስ ሆኖ ያበጠ አንጓ ላይ ከሙቀት ይልቅ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ይረዳል። ወደ ጸበል የሚሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ወጌሻ ላይ ግን ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። ያበጠ አንጓን መጎተትና ማሸት የላላውን ጅማት ይበጥሳል። ከሁሉ የሚያስፈራው አንገት ነው። በሽታው ለዓመታት በቆየበት ሰው ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የአንገት አጥንቶች የታሰሩበት ጅማት ሊላላ ይችላል፤ አንገት በድንገት ሲጠመዘዝ ሰረሰር ይጨፈለቃል። የኋላ ራስ ሕመም፣ እጅና እግር ላይ መደንዘዝ ወይም ሲራመዱ መንገዳገድ ካለ የአንገት ራጅ ያስፈልጋል። ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ሲታሰብም ማደንዘዣ ለሚሰጠው ባለሙያ ይህ አስቀድሞ ይነገረው።

ልጅ ለመውለድ ሲታሰብ

ሜቶትሬክሴትና ሌፍሉኖማይድ የተባለው ሌላው የዚህ በሽታ መድኃኒት ጽንስን ይጎዳሉ፤ በሚወሰዱበት ጊዜ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ ያስፈልጋል። ሜቶትሬክሴት ከማርገዝ ከ1 እስከ 3 ወር በፊት ይቆማል፤ ሌፍሉኖማይድ ከሰውነት ለመውጣት በጣም ስለሚቆይ ሐኪሙ የሚያስወጣ መድኃኒት ያዛል። እየወሰደች ያረገዘች ሴት መድኃኒቱን አቁማ ፎሊክ አሲዱን ሳታቋርጥ ወዲያው ሐኪም ትይ። በእርግዝና ጊዜ ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ሰልፋሳላዚን ከፎሊክ አሲድ ጋር መቀጠል ይቻላል። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ መቅረት አለባቸው።

ብዙ ሴቶች በእርግዝና ወራት ሕመሙ ይቀልላቸዋል፤ ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ወራት ግን በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ያ ጊዜ ሕፃን የሚታቀፍበትና እንቅልፍ የሚያጥርበት ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ በ4ኛው ወይም በ6ኛው ሳምንት የሚሆን ቀጠሮ ገና በእርግዝና ሳሉ ማስያዝ፣ ጡት እያጠቡ የሚወሰደውንም መድኃኒት አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር መወሰን ይገባል። ሃይድሮክሲክሎሮኪንና ትንሽ ፕሬድኒሶሎን ከማጥባት ጋር ይስማማሉ፤ ሜቶትሬክሴት ግን በማጥባት ጊዜ አይመከርም። ሕፃኑ ሲታቀፍ ክብደቱ በመዳፍና በጣት ሳይሆን በክንድ ላይ ይረፍ፤ አንቀልባው ወይም ማዘያው ማሰሪያው ሰፊ ይሁን፣ ቋጠሮውንም ሌላ ሰው ይሰር።